ከድጡ ወደ ማጡ? ሲጋራን በማይጨስ ትምባሆ መተካትና የአፍ ጤና

በአሜሪካ ገበያ ላይ የሚገኝ «ጄኔራል ስኑስ» የተባለ የስዊድን ትምባሆ አለ። የማይጨስ፣ በላይኛው ከንፈርና በድድ መካከል ተወሽቆ የሚቆይ ትምባሆ ነው። ስለዚህ ምርት ገዥው ሁለት ነገሮች ይነገሩታል። አንደኛው፣ እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣ ሕግ ተደንግገው በማሸጊያዎች ላይ በየተራ ከሚታተሙት ማስጠንቀቂያዎች አንዱ ሲሆን፣ ምርቱ ለሲጋራ አስተማማኝ ምትክ አለመሆኑን ያስታውቃል። ሁለተኛው፣ የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2019 አምራቹ እንዲጠቀምበት የፈቀደው መግለጫ ነው፤ በሲጋራ ምትክ ይህን ስኑስ የሚጠቀም ሰው ለአፍ ካንሰር፣ ለሳንባ ካንሰር፣ ለልብ ሕመምና ለሌሎች የተዘረዘሩ ሕመሞች ያለው ተጋላጭነት ዝቅ እንደሚል ይገልጻል።

ታዲያ እውነቱ የትኛው ነው? ሁለቱም እውነት ናቸው። ይህ እንዴት ሊሆን እንደሚችል መረዳት ሲጋራ ለማቆም ለቆረጠ ሰው ከንድፈ ሐሳብ ያለፈ ፋይዳ አለው። በእጁ የያዘው ትምባሆ የትኛው ዓይነት እንደሆነ፣ አፉም እስከዚያ ቀን ድረስ ምን እንደደረሰበት ካላወቀ፣ ከሳንባው ያወረደውን ሸክም በአፉ ላይ ሊጭነው ይችላልና።

ስሙ አንድ፣ ዓይነቱ ብዙ

በአገራችን በይበልጥ የሚታወቀው የማይጨስ ትምባሆ ሱረት ነው። ደርቆ የላመ የትምባሆ ቅጠል ሲሆን፣ በአፍንጫ ይሳባል፤ በከንፈር ሥር የሚይዙትም አሉ። በኬንያና በደቡብ ኢትዮጵያ አርብቶ አደሮች ዘንድ ትምባሆን እንደ ማጋዶ ካለ የሶዳ ጨው ጋር ማኘክ የቆየ ልማድ ነው። በጎረቤት ሱዳን ቱምባክ የሚባለው አለ፤ የተብላላ የትምባሆ ዱቄት «አትሮን» ከሚሉት ጨው ጋር ታሽቶና ተድቦልቡሎ ከታችኛው ከንፈር ሥር ይቀመጣል። በየመንና በደቡብ ምዕራብ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ በተለይ በጂዛን አካባቢ፣ ሸማ የተባለ ድብልቅ ይዘወተራል (ከምንለብሰው ሸማ ጋር ስሙ ይመሳሰላል እንጂ ዝምድና የለውም)። በህንድ ጉትካ፣ በአሜሪካ እርጥብ ሱረትና የሚታኘክ ቅጠል፣ በስዊድን ደግሞ ስኑስ አለ።

እነዚህን ሁሉ በአንድ ስም «የማይጨስ ትምባሆ» ብሎ መጥራት ለመዝገብ ይመቻል። ለጤና ግን እጅግ አሳሳች ነው። አረቄንና ጠላን «የአልኮል መጠጥ» በሚል አንድ ስም ጠቅልሎ አንድ ብርሌ ከዚህ፣ አንድ ብርሌ ከዚያ እኩል ነው እንደማለት ይሆናል። እዚህ ላይ ያለው ልዩነት ደግሞ፣ ወደ ፊት እንደምናየው፣ ከአረቄና ከጠላ ልዩነት በብዙ እጥፍ የሰፋ ነው።

አጫሹ ወደ እነዚህ ምርቶች የሚያዘነብልበትን ምክንያት መገመት አያዳግትም። ኒኮቲን የለመደ አንጎል ኒኮቲን ይሻል። ጭስ ግን ያስላል፤ ይሸታል፤ ቤተሰብን ያስቀይማል። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት በአገራችን ለሕዝብ ክፍት በሆኑ ቤቶች ውስጥ ማጨስ የተከለከለ ነው። በከንፈር ሥር የተወሸቀ ትምባሆ በአንጻሩ ማንንም አያስነጥስም። «ገዳዩ ጭሱ ነው፤ ጭሱን ከተውኩ ምን ቀረኝ?» የሚለው አስተሳሰብም ከዚህ ይወለዳል።

አስተሳሰቡ ግማሽ እውነት አለው። የሲጋራው ጫፍ ሲሳብ ሙቀቱ ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። በዚህ ቃጠሎ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎችን የያዘ ጭስ ይፈጠራል፤ ከእነዚህ ውስጥ 70 ያህሉ ካንሰር አምጪ ናቸው። ካርቦን ሞኖክሳይዱና ታሩም የቃጠሎ ውጤቶች ናቸው። ቃጠሎ ከሌለ እነዚህ በአብዛኛው የሉም፤ ሳንባም እፎይ ይላል። ቀሪው ግማሽ የሚጀምረው ትምባሆው አፍ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው።

ጨውና አመድ የሚጨመሩበት ምክንያት

ኒኮቲን ደካማ ቤዝ ነው። በውኃ ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል፤ አንዱ ፕሮቶን የተሸከመና ኤሌክትሪካዊ ሙል ያለው፣ ሌላው ሙል አልባ ወይም ነጻ ኒኮቲን ነው። የሕዋስ ክርታስ የተሠራው ከቅባት ነክ ንጣፍ በመሆኑ ሙል ያለውን ሞለኪውል በቀላሉ አያሳልፍም፤ ነጻውን ግን ያሳልፋል። የሁለቱ ሚዛን የሚወሰነው በፒኤች መጠን ሲሆን፣ እኩል ለእኩል የሚሆኑት ፒኤቹ 8 ገደማ ሲደርስ ነው። የኬሚስትሪ ተማሪ በሄንደርሰን ሃሰልባልክ ቀመር ሊያሰላው እንደሚችለው፣ በፒኤች 6 ነጻ ኒኮቲን 1 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በፒኤች 7 ወደ 9 በመቶ፣ በፒኤች 8 ወደ 50 በመቶ፣ በፒኤች 9 ደግሞ ወደ 91 በመቶ ያድጋል።

የብዙ ሲጋራዎች ጭስ አሲዳማ በመሆኑ ኒኮቲኑ በአፍ ልባስ በኩል እምብዛም አያልፍም፤ ወደ ሳንባ መሳብ ያለበትም ለዚህ ነው። የማይጨስ ትምባሆ አዘጋጆች ችግሩን በሌላ መንገድ ፈቱት። ማጋዶ፣ አትሮን፣ አመድ፣ ኖራ፣ በፋብሪካ ደግሞ ሶዲየም ካርቦኔት፣ ሁሉም አንድ ተግባር አላቸው፤ ፒኤቹን ከፍ አድርገው ኒኮቲኑን ነጻ ያወጡታል። ቀመሩን ያልተማሩ አያቶች በልምድ ብቻ እዚህ መድረሳቸው የሚያስደንቅ ነው።

ለአፍ ግን ይህ ብልሃት ዋጋ ያስከፍላል። ጤናማ ምራቅ ፒኤቹ ወደ 7 የተጠጋ ነው። ከዚያ በብዙ የራቀ አልካሊ በአንድ ቦታ ላይ፣ በየቀኑ፣ ለብዙ ደቂቃዎች ሲቀመጥ የአፍን ስስ ልባስ ያቃጥላል። ኒኮቲኑም በፍጥነትና በብዛት ስለሚገባ ሱሱ አይላላም። በቀን ውስጥ ስኑስ የሚያዘወትር ሰው ወደ ሰውነቱ የሚያስገባው የኒኮቲን መጠን ከአጫሽ የሚያንስ አይደለም።

የመብላላቱ መዘዝ

ኒኮቲን ራሱ ካንሰር አምጪ ተብሎ አልተፈረጀም። ዋናው ተጠያቂ ከኒኮቲንና ከቅርብ ዘመዶቹ የሚወለዱት ኒትሮሳሚን የተባሉ ውሁዶች ናቸው። የትምባሆ ቅጠል ከአፈር የሚያገኘውን ናይትሬት ያከማቻል። ቅጠሉ ሲደርቅ፣ ሲታመቅና ሲብላላ ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ ናይትራይቱ ደግሞ ከቅጠሉ አልካሎይዶች ጋር ተዋሕዶ ኒትሮሳሚኖችን ይሠራል። ለዚህ እሳትም ጭስም አያስፈልግም። ከመካከላቸው ክፉዎቹ በምሕጻር ኤን.ኤን.ኤን. እና ኤን.ኤን.ኬ. ይባላሉ። ኤን.ኤን.ኤን. በትምባሆ ውስጥ መኖሩን ዲትሪክ ሆፍማን፣ ስቲቨን ሄክትና ባልደረቦቻቸው ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። በኋላም በቤተ ሙከራ ይህን ውሁድ በመጠጥ ውኃቸው እንዲወስዱ የተደረጉ አይጦች በአፋቸው ውስጥ ዕጢ አውጥተዋል። ውሁዱ በሰውነት ኢንዛይሞች ሲሰበር የሚፈጠረው ቅንጣት ከዲ.ኤን.ኤ. ጋር ይጣበቃል፤ በዚህም ሕዋስ ሲከፋፈል ስሕተት የሚፈጠርበት ዕድል ይጨምራል።

ስዊድናውያን አምራቾች ያደረጉት እዚህ ላይ ነው። ትምባሆውን ከማብላላት ይልቅ በእንፋሎት ያሞቁታል፤ ባክቴሪያዎቹ ይሞታሉ። ከዚያም ምርቱ በቀዝቃዛ ቦታ ይቆያል። በዚህ ዘዴ የኒትሮሳሚን መጠኑ ባለፉት አሥርት ዓመታት በእጅጉ ቀንሷል። የሱዳን ቱምባክ በአንጻሩ ኒኮቲያና ሩስቲካ ከተባለው ኃይለኛ የትምባሆ ዝርያ ይዘጋጃል፤ ሆን ተብሎም ይብላላል። በቱምባክ ናሙናዎች ውስጥ የተለካው የኒትሮሳሚን መጠን ከስዊድኑ ከመቶ እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። በሱዳን ሐኪሞች ዘንድ የቱምባክና የአፍ ካንሰር ቁርኝት ለረጅም ጊዜ ሲዘገብ የቆየ ነው፤ በጂዛንም ሸማን በተመለከተ ተመሳሳይ ነገር ተስተውሏል።

እንግዲህ በመግቢያችን ላይ ያነሣነው ተቃርኖ እዚህ ላይ መፈታት ይጀምራል። ወደ 280,000 የሚጠጉ ስዊድናውያን የግንባታ ሠራተኞችን ታሪክ የተከተለና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት፣ በስኑስ ተጠቃሚዎች ላይ የአፍ ካንሰር ጭማሪ አላገኘም። በዚያው ዓመት የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የማይጨስ ትምባሆ በጥቅሉ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣና ከካንሰሮቹም አንዱ የአፍ ካንሰር መሆኑን በጥራዝ ቁጥር 89 አረጋግጧል። የመጀመሪያው የለካው አንድን ምርት ነው፤ ሁለተኛው መላውን ቤተሰብ ነው። በእኔ እምነት ለእኛ አንባቢ ትልቁ ትምህርት ይህ ነው፦ የስዊድንን ማስረጃ ተውሶ ለሱረት፣ ለቱምባክ ወይም ለሸማ መከራከሪያ ማድረግ አይቻልም። በገበያ በላስቲክ ተቋጥሮ የሚሸጥ ትምባሆ ፒኤቹም ሆነ የኒትሮሳሚን መጠኑ የተጻፈበት አይደለም።

አፍ ውስጥ የሚታየው

ከካንሰር በፊት የሚታዩ ነገሮች አሉ፤ እነዚህ ደግሞ የስዊድኑንም ምርት አይምሩም። ትምባሆው በሚቀመጥበት ቦታ የአፍ ልባስ ራሱን ለመከላከል ይወፍራል። እንደ መዳፍ መወጠን ቆጥረን ልናየው እንችላለን፤ ዶማ የጨበጠ እጅ ቆዳው እንደሚጠነክር ሁሉ፣ የአፍ ልባስም ኬራቲን የተባለውን ፕሮቲን ያከማቻል። ውጤቱ ነጭ፣ የተጨማደደ፣ ሲነካ ሻካራ የሆነ ንጣፍ ነው። ሐኪሞች መንስኤው በሌላ ሕመም ሊገለጽ የማይችለውን ነጭ ንጣፍ ሉኮፕላኪያ ይሉታል። አብዛኛው ወደ ካንሰር አይለወጥም፤ የትኛው እንደሚለወጥ በዓይን ብቻ መለየት ግን አስቸጋሪ ነው።

ስለዚህ ንጣፍ ተስፋ የሚሰጥ አንድ ጥናት አለ። በጥናቱ ጊዜ የአሜሪካ አየር ኃይል ምልምሎች በመሠረታዊ ሥልጠና ላይ ሳሉ ለስድስት ሳምንታት ማንኛውም ትምባሆ ይከለከሉ ነበር። ተመራማሪዎች ይህን አጋጣሚ ተጠቅመው ከ3,000 በላይ ወጣቶችን አፍ መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ1999 እንደታተመው ውጤት፣ በማይጨስ ትምባሆ ተጠቃሚዎቹ ላይ ከታዩት ንጣፎች ውስጥ 97.5 በመቶ የሚሆኑት በስድስት ሳምንት ውስጥ ጠፍተዋል። ልባሱ ለመታደስ የሚጠብቀው የትምባሆውን መወገድ ብቻ ነበር። የተመረመሩት ግን ወጣቶችና ለጥቂት ዓመታት ብቻ የተጠቀሙ እንደነበሩ ልብ ይሏል።

ድድ እንደዚህ ቸር አይደለም። ትምባሆው የሚነካው ድድ ቀስ በቀስ ይሸሻል፤ የጥርስ ሥርም ይገለጣል። አንዴ የሸሸ ድድ በራሱ ተመልሶ አይበቅልም። የተገለጠው ሥር የተሸፈነው በኢናሜል ሳይሆን ለስለስ ባለ ሲሚንተም ስለሆነ ብርዱም ትኩሱም ይሰማዋል፤ በቀላሉም ይበሰብሳል። የሚታኘኩ የአሜሪካ ትምባሆዎች ብዙ ስኳር ይጨመርባቸዋል። በዚያው በ1999 የታተመ ሌላ ጥናት፣ የሚታኘክ ትምባሆ ብቻ በሚጠቀሙ ወንዶች ላይ የበሰበሱ ወይም የተሞሉ የጥርስ ሥሮች ቁጥር ትምባሆ ከማይጠቀሙት አራት እጥፍ ሆኖ አግኝቶታል። ትምባሆው አሸዋና ጠጠር ነክ ብናኝ ከያዘ ጥርሱን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። የጥርስ መበለዝና የአፍ ጠረን እንኳ ከዚህ ሁሉ ጋር ሲነጻጸሩ ቀላል ናቸው።

አጫሽ የነበረ አፍ

እስካሁን የተናገርነው ለማንኛውም ተጠቃሚ ይሠራል። ከሲጋራ ወደዚህ የሚሻገር ሰው ግን አዲስ አፍ ይዞ አይደለም የሚመጣው። እ.ኤ.አ. በ1953 ስላውተርና ባልደረቦቹ የአፍ ካንሰር ዕጢዎችን ከነዙሪያቸው ሲመረምሩ፣ ጤናማ በሚመስለው አካባቢ ጭምር የተለወጡ ሕዋሳትን አገኙ። ከዚህ የተወለደው ጽንሰ ሐሳብ እንደሚለው፣ ካንሰር አምጪ ነገሮች የሚያዘጋጁት አንዲት ነጥብን ሳይሆን ሰፊ ማሳን ነው። ዓመታት የዘለቀ ጭስ፣ በላዩም አልኮል፣ ማሳውን አርሶታል። ሰውየው ሲጋራውን ሲተው ማሳው ለማገገም ጊዜ ያገኛል፤ አደጋው በየዓመቱ እየቀነሰ ይሄዳል። በዚያው ማሳ ላይ ኒትሮሳሚን የተሞላ ትምባሆ ማስቀመጥ ግን እረፍቱን መንፈግ ነው። ጫት የሚቅም ከሆነም ያው ጉንጭ ሌላ ጫና ተሸክሟል ማለት ነው፤ በቃሚዎች ላይም የጉንጭ ልባስ ነጭ ሆኖ መወፈሩ በጥናት ታይቷል።

ሌላው ብዙ የማይነገርለት ነገር፣ ማጨስ የድድን ሕመም የሚሸሽግ መሆኑ ነው። በአጫሽ ላይ ድድ ቢታመምም የመድማቱ ምልክት ደብዘዝ ይላል። ሰውየው ማጨስ ሲያቆም የታመመው ድዱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንደማያጨስ ሰው የታመመ ድድ መድማት ይጀምራል። በተጨማሪም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንንሽ የአፍ ቁስሎች ይበዛሉ፤ አብዛኞቹም በራሳቸው ይድናሉ። ይህን የማያውቅ ሰው «ሲጋራ ሳጨስ ደህና ነበርኩ፤ ማቆሜ ጎዳኝ» ብሎ ይመለሳል። በተመሳሳይ ጊዜ ሱረት የጀመረ ከሆነ ደግሞ ትምባሆው ያመጣበትን ቁስል የማቆም ቁስል ነው ብሎ ችላ ሊለው ይችላል። ሁለተኛው ስሕተት ከመጀመሪያው ይከፋል።

ብዙዎች ደግሞ በሚገባ አይሻገሩም። ማጨስ በሚፈቀድበት ሲጋራ፣ በማይፈቀድበት ትምባሆ ከከንፈር ሥር እያደረጉ ሁለቱንም ይዘው ይቆያሉ። እንዲህ ያለው ሰው ሳንባውንም አላተረፈም። በሚገባ የተሻገሩትስ? የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ በተከታተላቸው ሰዎች መዝገብ ላይ የተመሠረተና በ2007 የታተመ ጥናት፣ ከሲጋራ ወደ ማይጨስ ትምባሆ የተሻገሩ ከ4,000 በላይ ወንዶችን ትምባሆን ጨርሰው ከተዉ ከ100,000 በላይ ወንዶች ጋር አነጻጽሯል። የተሻገሩት የሞት መጠን ጨርሰው ከተዉት 8 በመቶ ያህል በልጦ ተገኝቷል፤ በአፍና በጉሮሮ ካንሰር የመሞት ዕድላቸውም ከፍ ያለ ነበር። የ1986ቱ ማስጠንቀቂያ የሚያነጻጽረው ከማቆም ጋር ነው፤ የ2019ኙ መግለጫ የሚያነጻጽረው ማጨስን ከመቀጠል ጋር ነው። ርእሳችን ላይ ያለው የጥያቄ ምልክት የተቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከድጥ የወጣ ሰው ማጥ ውስጥ መግባቱ የሚታወቀው እግሩን የት እንዳሳረፈ ሲታይ ነው።

ኒኮቲን ያለ ትምባሆ

ለኒኮቲን ጥማት ከትምባሆ ቅጠል ሌላ መንገድ አለ። የኒኮቲን ማስቲካና በቆዳ ላይ የሚለጠፍ ፕላስተር የተጣራ ኒኮቲን እንጂ የተብላላ ቅጠል አይይዙም። የዓለም ጤና ድርጅት በአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ ቫሬኒክሊንና ቡፕሮፒዮን የተባሉት እንክብሎች በ2021 ተጨምረዋል። ቅርብ ጊዜ የወጡትና ቅጠል የሌለባቸው ነጫጭ የኒኮቲን ከረጢቶች ኒትሮሳሚናቸው አነስተኛ ነው፤ ሆኖም ሱስ የሚያስይዙ የንግድ ሸቀጦች እንጂ ማጨስ ለማቆም የተፈቀዱ መድኃኒቶች አይደሉም፤ ድድንም ይቆጠቁጣሉ።

ማስቲካውን በተመለከተ ቡና ወዳድ ለሆነ ሕዝብ አንድ ማሳሰቢያ አለ። የሚታኘከው እንደ ተራ ማስቲካ አይደለም፤ ጣዕሙ እስኪወጣ ጥቂት ታኝኮ በጉንጭና በድድ መካከል ይቀመጣል፤ ጣዕሙ ሲጠፋ እንደገና ይታኘካል። ኒኮቲኑ የሚያልፈው ቀደም ብለን ባየነው የፒኤች ሕግ ነው። ቡና፣ ለስላሳ መጠጥና የብርቱካን ጭማቂ አሲዳማ ስለሆኑ አፍን ያሳድፉታል፤ ኒኮቲኑም ሙል እንደተሸከመ ከምራቅ ጋር ይዋጣል። ስለዚህ ከማኘኩ በፊት ባሉት 15 ደቂቃዎችና በሚታኘክበት ጊዜ ከውኃ በቀር ሌላ አይጠጣም። «ማስቲካው አልሠራልኝም» ከሚሉ ሰዎች መካከል በቡና ላይ ያኘኩት ጥቂት አይሆኑም።

ሲጋራውን በሱረት ወይም በሌላ የማይጨስ ትምባሆ የተካ ሰው አፉን በመስታወት ፊት በየወሩ ቢመለከት ይበጀዋል። ከንፈርን ገልብጦ፣ ጉንጭን ወደ ውጭ ስቦ፣ ምላስን አንሥቶ ከሥሩና ከጎኑ ማየት በቂ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልዳነ ቁስል፣ ያበጠ ወይም የጠጠረ ቦታ፣ የመደንዘዝ ስሜት፣ ለመዋጥ መቸገር፣ በአንገት ላይ የወጣ እብጠት ወደ ሐኪም ያስኬዳሉ። ነጭ ንጣፍ ከቀይ ጋር ከተቀላቀለ ወይም ጨርሶ ቀይ ከሆነ ይበልጥ ያሳስባል፤ ቀዩ ከነጩ ይልቅ ወደ ካንሰር የመለወጥ ዕድሉ ከፍ ያለ ነውና። ሕመም አለመኖሩ ዋስትና አይሆንም፤ የአፍ ካንሰር በመጀመሪያው ደረጃ ብዙ ጊዜ አያምም። ሐኪሙ ዘንድ ሲቀርቡም ትምባሆ መጠቀምን መናገር ብቻ አይበቃም፤ የትኛውን ዓይነት፣ ለስንት ዓመት፣ በተለይም ከአፉ በየትኛው ጥግ ይቀመጥ እንደነበር መንገር ያስፈልጋል፤ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚያየው ያንን ጥግ ነው።